የአዳራሹ ሦስተኛ አዳማጭ

ይህ ነገር ሌሊት አልሆነም።

ሌሊት ቢሆን ኖሮ ቅዠት ነው፣ ድካም ነው ብዬ አልፈው ነበር። እናንተም እንደዚያው። ግን የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው... ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ... መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ፣ ሰው ከሰው ትከሻ ለትከሻ በሚጋፋበት ቦታ።

የነገረችኝ ባለታሪኳ ራሷ ናት። ስትነግረኝ ሁለት ጊዜ አቋርጣ ወደ ኋላዋ ዞር ብላለች። ስሞቹን ቀይሬያለሁ፤ ከዚያ ውጭ አንዲት ነገር አልነካሁም። ማመን አለማመን የእናንተ ነው።

ሠርኬ እንበላት።

ሠርኬ ጨርቅ ነጋዴ ናት። ሱቋን ከጎረቤቷ ከራዲያ ሱቅ የሚለየው አንድ መስታወት ብቻ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ሠርተዋል። አንዷ ስትታመም ሌላዋ ሁለቱንም ሱቅ ትጠብቃለች። ራዲያ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ምጥ የያዛት እዚያው ሱቅ ውስጥ ነበር፤ ደግፋ ታክሲ ያስገባቻት ሠርኬ ናት።

ከዚያ ያ ግሩፕ መጣ።

በኮሮና ጊዜ፣ ገበያው ሁሉ ጭር ሲል፣ ሠርኬ በስልኳ አንድ ግሩፕ ከፈተች። "የሰፊዎች ቤት" አለችው። ልብስ ሰፊዎች ዲዛይን የሚለዋወጡበት፣ የትኛው ጨርቅ ቀለሙን እንደሚለቅ የሚጠያየቁበት ቤት። ሲጀመር አሥራ አንድ ሰው ነበር። ራዲያን ሁለተኛ አድሚን አደረገቻት... ራሷ፣ በገዛ እጇ።

ዛሬ ስድሳ ሺህ ሰው አለበት። ከጅማ፣ ከደሴ፣ ከጎንደር፣ ከድሬዳዋ።

ስድሳ ሺውም የሚያውቀው ግን ራዲያን ነው።

ራዲያ ድምጿ ይጣፍጣል። "አይዟችሁ የኔ ጌቶች፣ መጀመሪያ ጨርቁን ውሃ አስነኩት" ብላ የድምፅ መልእክት ስትልክ አገር ይመልስላታል። ሠርኬ ያንኑ ነገር ብትጽፍ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ከጅማ ማር ተላከ... ለራዲያ። ደሴ ያለች አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ሴት ልጅ ወለደችና ስሟን ራዲያ አለቻት።

አንድ ቀን ደግሞ ሁለት ሴቶች የሠርኬ ሱቅ በር ላይ ቆሙ።

"ይቅርታ እህቴ... ግሩፑን የከፈተችው ራዲያ፣ ሱቋ የት ጋ ነው?"

ሠርኬ በጣቷ አሳየቻቸው። ፈገግም አለች።

የዚያን ቀን ምሳ አልበላችም።

ቅናት እንደ ብል ነው። ጨርቁ ተጣጥፎ ሲያዩት ደህና ነው... ዘርግታችሁ ወደ ብርሃን ስታነሡት ነው ቀዳዳው የሚታየው።

ግሩፑ ሲተልቅ ችግሩም ተለቀ። አጭበርባሪዎች በአድሚኖቹ ስምና ፎቶ እየገቡ ሰው ማታለል ጀመሩ። ትናንት የተጻፈ ጠቃሚ ነገር ዛሬ ተቀብሮ አይገኝም። ስለዚህ አሥር የደረሱት አድሚኖች ተስማሙ... የራሳችን ቤት ያስፈልገናል። ብዙ ሕዝብ የሚችል፣ የሚታመን ሶፍትዌር እንምረጥና ወደዚያ እንዛወር።

ራዲያ ሁለት ወር ሙሉ ስትጠይቅ ከረመች። ትልልቅ ማኅበር በኢንተርኔት የሚመሩ ሰዎችን እየደወለች አስቸገረች። መልሱን ሁሉ በደብተር ጻፈች። ማን ሠራው? ሲበላሽ ማንን እንጠራለን? የተጻፈው ነገር ሁሉ ቢጠፋ ቅጂ አለው ወይ? መቶ ሺህ ሰው ባንዴ ቢገባ ይችላል ወይ? የሚረብሽ አባል ሲመጣ እንዴት እናስወጣዋለን?

በመጨረሻ አንድ መረጠች። መልኩ አያምርም። ግን ስምንት ዓመት የቆየ ነው፤ የሠሩት ሰዎች ይታወቃሉ፤ በየቀኑ ቅጂ ያስቀምጣል።

አድሚኖቹ የደብተሩን ፎቶ እየተቀባበሉ፣ "ራዲያ አንደኛ!" አሉ።

ሠርኬ ያን ጊዜ ወሰነች። ራዲያ የመረጠችው አይሆንም።

ለምን? ብዬ ጠይቄያታለሁ። አላሳመረችውም።

"ምክንያት አልነበረኝም" አለችኝ። "የእሷ ስለሆነ ብቻ።"

አብነት አካባቢ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ኮምፒውተር የሚሠራ ይገረም የሚባል ሰው አለ። ሠርኬ ሄደች። ይገረም አንድ ሶፍትዌር ከፍቶ አሳያት። ያምራል! ከሁሉም በላይ ደግሞ "አዳራሽ" የሚባል ነገር አለው። ሰው ሁሉ በስልኩ ይገባና በድምፅ ይነጋገራል፤ ስድሳ ሺህ ሰው ባንዴ ቢገባ ንቅንቅ አይልም።

"ማነው የሠራው?" አለች ሠርኬ። ጥያቄው ከራዲያ ደብተር የወጣ መሆኑ ራሱ አናደዳት።

"ከአንድ ሰው ነው ያገኘሁት።"

"ሰውየውስ?"

ይገረም ጆሮውን አከከ።

"አሁን... ስልኩ አይነሳም።"

"ሲበላሽስ?"

"አይበላሽም እህቴ" አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኔ እጅ ከገባ ጀምሮ አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም... መብራት ሲሄድ እንኳ።"

ሠርኬ ይህን እንደ ጥሩ ነገር ቆጠረችው።

አድሚኖቹ ሁለቱንም ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እንሞክር፤ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድምፅ እንሰጣለን አሉ።

ሰኞ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ። ሠርኬ በሱቋ፣ ራዲያ በሱቋ ሆነው፣ በመስታወቱ እየተያዩ አዳራሹ ውስጥ ገቡ።

ስክሪኑ ላይ እንዲህ የሚል ወጣ...

"3 ሰዎች በአዳራሹ ውስጥ አሉ።"

"ሌላ ሰው ጋብዘሻል እንዴ?" አለች ራዲያ በስልኩ።

"ኧረ አልጋበዝኩም።"

"ታዲያ ሦስተኛው ማነው?"

ሠርኬ ዝርዝሩን ከፈተች። የእሷ ስም... የራዲያ ስም... ሦስተኛው ቦታ ላይ ስም የለም። ፎቶም የለም። ማይኩ ግን ክፍት ነው።

"ይገረም ይሆናል። እየተቆጣጠረ ይሆናል" አለች።

ወዲያው ከስልኩ ውስጥ የተሸካሚ ጩኸት ሰማች።

"መንገድ! መንገድ! ጀርባችሁን!"

ቀና ብላ ወደ ደጅ አየች። ተሸካሚ የለም።

አንድ... ሁለት... ሦስት...

ከጥጉ አንድ ተሸካሚ አምስት ጣቃ ጨርቅ በጫንቃው አድርጎ ብቅ አለ።

"መንገድ! መንገድ! ጀርባችሁን!"

ያው ድምፅ። ያው ቃል።

ኔትወርክ ሲደክም ድምፅ ይዘገያል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ይሄኛው ግን... ቀድሞ ነው የመጣው።

ማክሰኞ ሠርኬ ብቻዋን ገባች። ኢርፎኗን ጆሮዋ ውስጥ ሻጠችና ሂሳብ የምትሠራ መሰለች።

"2 ሰዎች በአዳራሹ ውስጥ አሉ።"

የራዲያን ሱቅ ትሰማለች። መቀሱ ጨርቅ ሲቀድ... የራዲያ ሳቅ... ከዚያ አንዲት ሴት፣ "አንቺ ባትኖሪ እኛ ሰፊዎች ምን ይውጠን ነበር?" ስትል።

በመስታወቱ አሻግራ አየች። ራዲያ ብቻዋን ነች። ጨርቅ እያጣጠፈች ነው። አፏ አይንቀሳቀስም።

አሥር ደቂቃ አለፈ። ነጠላ የለበሰች ሴት ወደ ራዲያ ሱቅ ገባች። ጨርቅ አስቀደደች። ራዲያ ሳቀች። የሴትየዋ ድምፅ በክፍቱ በር በኩል ጥርት ብሎ መጣ።

"አንቺ ባትኖሪ እኛ ሰፊዎች ምን ይውጠን ነበር?"

እዚህ ላይ ሰው ይፈራል። ስልኩን ይወረውራል። ጠበል ይሄዳል።

ሠርኬ ግን ከሰማችው ሁሉ ጆሮዋ ውስጥ የቀረው ሙገሳው ብቻ ነበር። "አንቺ ባትኖሪ..." "አንቺ ባትኖሪ..."

ረቡዕ ድምፁ ቀድሞ የሚመጣበት ርቀት ግማሽ ሰዓት ሆነ።

ሠርኬም ነገሩን ልትጠቀምበት ተነሣች። ከአድሚኖቹ በዕድሜ ትልቁ ጋሽ አስናቀው ናቸው። ስመ ጥር፣ የተከበሩ ኮት ሰፊ ናቸው፤ እሳቸው ያሉትን ሌሎቹ ይከተላሉ። ሠርኬ በአዳራሹ ውስጥ ራዲያ ለጋሽ አስናቀው ስትደውል ሰማች። የምታቀርበውን ምክንያት አንድ በአንድ አዳመጠች። ራዲያ ገና ስልኳን አላነሳችም።

ሠርኬ ቀድማ ደወለች። ለእያንዳንዱ ነገር ማፍረሻ ይዛ።

"አንቺ ልጅ" አሉ ጋሽ አስናቀው እየሳቁ፣ "ልጠይቅሽ ያሰብኩትን ከአፌ ነጠቅሽኝ እኮ! በይ፣ ያንቺው ሳይሻል አይቀርም።"

ደስታዋ ልክ አልነበረውም። በመስታወቱ ራዲያን አየቻት፤ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ግንባሯን ቋጥራለች። ጋሽ አስናቀው እምቢ ሲሏት መሆኑ ነው። ሠርኬ ዓይኗን አልነቀለችም። ጠገበች።

ሐሙስ ራዲያ ወደ ሠርኬ ሱቅ መጣች። በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። ፊቷ ልክ አይደለም።

"ሠርኬ... ያንን ነገር ተይው።"

"የቱን ነገር?"

"አዳራሹን" አለች በሹክሹክታ። "ዛሬ ጠዋት ገብቼ ነበር። አንቺን ሰማሁሽ።"

"እኔ ዛሬ አልገባሁም።"

"አውቃለሁ። ሱቅሽም ገና አልተከፈተም ነበር።"



"ምን አልኩ?"

"'ትንሽ ልጠብቅ' ትያለሽ... በቀስታ... 'ትንሽ ልጠብቅ... ትንሽ'... ከዚያ አንድ ሰው ይጮሃል። ኢርፎኑን ከጆሮዬ አወጣሁት። ስልኬን አጠፋሁት። ሠርኬ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ የሠራውን ሰው ታውቂዋለሽ?"

ሠርኬ ውስጧ ድንግጥ ብሏል። ግን ከአፏ የወጣው ሌላ ነው።

"ጋሽ አስናቀው እምቢ ሲሉሽ በማስፈራራት መጣሽ?"

"ምን?"

"ሁሉ ነገር ያንቺ መሆን አለበት አይደል? ግሩፑን የከፈትኩት እኔ ነኝ! አንቺን ያስገባሁሽ እኔ ነኝ!"

ራዲያ ወደ በሩ ሄደች።

"እኔ መቼ አይደለሽም አልኩ?" አለች። በሩን ከፍታ ወጣች።

ዓርብ ሠርኬ ቀኑን ሙሉ ኢርፎኑን አላወለቀችም። ርቀቱን ለካችው። አርባ ደቂቃ።

ቅዳሜ መጣ።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል። ድምፅ ሊሰጥ ሁለት ሰዓት ተኩል ቀርቶታል። ሠርኬ ራዲያ ለስብሰባው የምትዘጋጀውን ለመስማት አዳራሹ ውስጥ ገባች።

በመጀመሪያ የራዲያ ድምፅ መጣ። "ቀዩን ከፋይ ጨርቅ ነው ያሉኝ፣ እናቴ? ከላይ ነው፣ ላውርድልዎ።"

መሰላል ሲጎተት...

እግር ሲወጣ... አንድ... ሁለት... ሦስት...

ከዚያ እንጨት ሲሰነጠቅ። ጣቃዎቹ ሲወድቁ... ዱብ... ዱብ ዱብ... አንድ ጩኸት... የራዲያ ነው...

ዝምታ።

"ኧረ የሰው ያለህ! ኧረ አንሡልኝ!" የማታውቃት አሮጊት ድምፅ።

ሠርኬ ቀና አለች። በመስታወቱ አየች። ራዲያ ተቀምጣ ምሳዋን እየበላች ነው። እጇን በወረቀት ጠረገች። ለአንድ ደንበኛ ፈገግ አለች።

አርባ ደቂቃ አለ።

ተነሣች። በሩ ጋ ደረሰች። ቆመች።

ምን ልበላት? አለች በልቧ። ስሰልልሽ ነበር ልበላት? አዳራሹ ትክክል አይደለም፣ አንቺ ልክ ነበርሽ ልበላት? ዛሬ... ድምፅ ሊሰጥ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው?

ተመልሳ ተቀመጠች።

ይህን ስትነግረኝ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነው። ከዚህም የከፋ ሐሳብ መጥቶባት ነበር። "ስብሰባው ላይ ባትገኝስ?" የሚል። "እንድትሞት አይደለም" አለችኝ። "እንድትቀር ብቻ።"

ሰባት ሰዓት ሆነ። ሊስትሮው ሳጥኑን ያንኳኳል። የጭነት መኪና ጥሩምባ ይነፋል። ሁሉም ነገር እንደ ሌላው ቀን ነው።

ሰባት ሰዓት ከአምስት።

አንዲት አሮጊት ከዘራ ይዘው ወደ ራዲያ ሱቅ ገቡ። በከዘራቸው ወደ ላይ አመለከቱ።

ራዲያ መሰላሉን ጎተተች።

ሠርኬ ወንበሯ ላይ ነች። እግሯ አልታዘዝ አለ ብላ ብትነግረኝ አምናት ነበር። እሷ ግን፣ "እግሬ ደህና ነበር" አለችኝ።

ራዲያ ወጣች... አንድ...

ሁለት...

የሠርኬ ከንፈር መንቀሳቀስ ጀመረ። ማን እንዳዘዘው አታውቅም። በቀስታ... ለራሷ ብቻ...

"ትንሽ ልጠብቅ... ትንሽ ልጠብቅ... ትንሽ..."

የገዛ ድምጿን ሰማች።

ቃሉን አወቀችው። ራዲያ ሐሙስ የሰማችው ነው፤ ለእሷ ሁለት ቀን ቀድሞ ነበር የደረሳት።

ወንበሩን ገልብጣ ተፈተለከች። "ራዲያ! ውረጂ! ራዲያ!" ሰው እየገፋች ከሱቋ ወጥታ ወደ ጎን ዞረች። የራዲያ በር ላይ ደርሳ እጇን ዘረጋች።

የላይኛው መደርደሪያ ተሰነጠቀ።

ራዲያ አልሞተችም። እግሯ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ ግንባሯ ተተርትሯል። ከጣቃዎቹ ሥር ያወጣቻት ሠርኬ ናት፤ ሐኪም ቤት ድረስ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አድርጋ የወሰደቻትም ሠርኬ ናት። ሰው ሁሉ፣ "እንዲህ ነው ጓደኛ!" አለ። እያንዳንዱ ሙገሳ እንደ መርፌ ወጋት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሐኪም ቤቱ ኮሪደር ለአድሚኖቹ ጻፈች። "የራዲያን ምረጡ። የእኔ አይታመንም።"

ጋሽ አስናቀው ወዲያው ደወሉ።

"ምነው ልጄ? ረቡዕ እንዲያ ስትከራከሪኝ አልነበር?"

"ጋሽ አስናቀው... ማን እንደሠራው አላውቅም። ክፉ ነገር ቢመጣ የምጠራው ሰው የለኝም።"

"ይሄን እኮ ራዲያ በደብተሯ ከመጀመሪያው ጠይቃው ነበር።"

"ጠይቃ ነበር።"

የራዲያ ምርጫ አሸነፈ። የሰፊዎች ቤት ወደዚያ ተዛወረ፤ እስከ ዛሬ ደህና ነው። መልኩ አሁንም አያምርም። ግን ማለዳ ስትከፍቱት ማታ የተዋችሁት ሁሉ በቦታው አለ።

በሦስተኛው ቀን ሠርኬ ራዲያ አልጋ አጠገብ ተቀመጠች። ሌላ ሰው አልነበረም።

"ሰምቼው ነበር" አለች።

ራዲያ ዓይኗን ገለጠች።

"የቱን?"

"ስትወድቂ። ከመውደቅሽ በፊት።"

"ምን ያህል በፊት?"

ሠርኬ መዋሸት ትችል ነበር።

"አርባ ደቂቃ።"

ራዲያ አልተቆጣችም። አላለቀሰችም። ፊቷን ቀስ ብላ ወደ ግድግዳው አዞረች።

"አሁን ሂጂ" አለች በሹክሹክታ። "እባክሽ።"

ዛሬም ጎረቤታሞች ናቸው። ሰላምታ ይሰጣጣሉ። መስታወቱ ላይ ግን ራዲያ ከወለል እስከ ጣሪያ ጨርቅ ሰቅላበታለች።

የቀረው የአዳራሹ ጉዳይ ነበር።

ራዲያን ሐኪም ቤት ባናገረቻት ማግስት ሠርኬ አብነት ሄደች። ይገረም ምንም አልጠየቃትም፤ ሲያያት የተገላገለ መሰለ። እሷ እያየች ፋይሎቹን አንድ በአንድ ሰረዘ። ኮምፒውተሩን አጠፋ። ገመዱን ነቀለ። ከሆዱ ውስጥ ሃርድ ዲስኩን ፈቶ አወጣና በመዶሻ ቀጠቀጠው።

"በቃ?" አለች።

"በቃ።"

ስልኳን አየች። አዳራሹ የለም። ዝርዝሩ የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈሰች።

ወደ ሱቋ በእግሯ ወረደች። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ረዳቶች ይጣራሉ፤ ከካሴት ቤቱ ዘፈን ይጮሃል፤ ቸርቻሪዎች "ና በቅናሽ!" ይላሉ፤ ጋሪ ይንገጫገጫል። ጩኸቱ ጣፈጣት። ሶማሌ ተራ ጥግ ላይ ደረሰች።

ከዚያ... ጸጥ አለ።

መርካቶ ጸጥ አለ።

እዚያ የኖረ ያውቀዋል። መርካቶ ጸጥ አይልም። በዓመት በዓልም አይልም።

ረዳቱ አፉን እንደከፈተ ቆሟል። ተሸካሚው አንድ እግሩን እንዳነሳ ቆሟል። ብርቱካን የምትመዝነው ሴት እጇ አየር ላይ ቀርቷል። ማንም ወደ እሷ አያይም፤ ዓይናቸው ሌላ ቦታ ነው። ግን ሁሉም... ሕፃን አዋቂ ሳይል፣ እስከ መንገዱ ጫፍ ድረስ... አንገቱን ዘንበል አድርጎ አንድ ጆሮውን ወደ እሷ አዙሯል።

እየጠበቁ ነው።

ሠርኬ ስም የሌለውን፣ ማይኩ ክፍት የነበረውን ሦስተኛውን አስታወሰች።

ያኔ ከቀኝ ጆሮዋ ሥር፣ ፀጉሯን እስኪነካው ቀርቦ፣ አንድ ሰው ሊናገር ሲል እንደሚያደርገው... ቀስ ብሎ ትንፋሹን ሳበ።